ለአንዷ የተሰበሰበ ለቅሶ

አውሮፕላኑ መውደቁን የሰማሁት በገበያ ቀን፣ ሱቄ ውስጥ አቡጀዴ ስለካ ነው። ሬዲዮው መደርደሪያው ላይ ሆኖ ሲለፈልፍ የሚያዳምጠው አልነበረም። ኋላ አንድ ከጋዝጊብላ የመጣ ገበሬ "እስቲ ዝም በሉ!" ሲል ሁላችንም ጆሯችንን አቀናን። መንገደኛ የጫነ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ተነስቶ ብዙም ሳይርቅ ወድቋል፤ የተረፈ ሰው የለም።

የሰቆጣ ገበያ ባንድ አፍታ የአብራሪዎች ማኅበር ሆነ። ከበቅሎ በቀር በምንም ተቀምጦ የማያውቅ ሁሉ አውሮፕላን እንዴት እንደሚነሳ ያስረዳ ጀመር። አንዱ ጭነት በዝቶበት ነው አለ፣ ሌላው ነፋሱ ነው አለ። የጋዝጊብላው ሰው ብቻ ባርኔጣውን አውልቆ "ወይ ሰማይ አልደረሱ፣ ወይ ምድር አልቀሩ" አለና ራሱን ነቀነቀ። እኔም "ኢንና ሊላሂ" ብዬ ወደ ልኬቴ ልመለስ ስል፣ ከሱቄ ፊት ለፊት ማር የምትሸጠውን ጎረቤቴን አየኋት። ልጇ በዚያ ሳምንት ወደ ዓረብ አገር ልትበር አዲስ አበባ ነበረች።

ጎረቤቴ ክርስቲያን ናት፣ እኔ ሙስሊም ነኝ። በጾሜ ቀን ፊቴ ውሃ አትጠጣም፤ በጾሟ ቀን ሥጋ አላሸትታትም። ያችን ልጅ ከልጆቼ ጋር በአንድ ትሪ አብልቻታለሁ፤ ስታጠፋም ሳልሳሳ ገርፌያታለሁ። ስለዚህ የደነገጥሁት ለጎረቤቴ ብቻ አልነበረም።

እኛ ዘንድ መርዶ እንደ ወሬ አይነገርም። መጀመሪያ ይጣራል፤ ከዚያ ዘመድ ይሰበሰባል፤ ከዚያ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌ ቀድሞ ይገባና ይነገራል። እናትን በገበያ መሀል "ልጅሽ ሞተች" የሚላት ሰው ከገዳይ አይሻልም። ወዲያው የሰፈሩ ሽማግሌዎች ወደ ሱቄ ገቡ። ለልጅቱ ቢደወል ስልኳ አይነሳም። አንዱን ወጣት በሞተር ብስክሌት ወደ ፃግብጂ ሰደዱት፤ የጎረቤቴ ወንድምና ዘመዶቿ እዚያ ናቸው፣ ስልክ ደግሞ አይሠራም። "አንቺ ከአጠገቧ አትለዪ" አሉኝ። "ስልኳንም በዘዴ ያዢባት።"

ያዝሁባት። የኔ ባትሪ ጨርሷል ብዬ ስልኳን ተቀበልሁና ከጎኗ በርጩማ ስቤ ተቀመጥሁ። ገበያው ሁሉ ሰምቷል፣ እሷ ብቻ አልሰማችም። ሰው እየመጣ ማር ይገዛት ጀመር። የዋግ ሰው ማር በጣቱ ሳይቀምስ፣ ውሃ አለበት ብሎ ሳይሳደብና ሁለት ጊዜ ሄዶ ሳይመለስ አይገዛም። ያን ቀን ግን የጠራችውን ዋጋ እየሰጠ፣ ዓይኗን ሳያይ ይሄዳል።

"እቴ፣ ሰውን ዛሬ ምን ነካው?" አለችኝ። "ጻድቅ ብቻ ነው እንዴ ገበያ የወረደው?"

"ማርሽ ነጭ ሆኖ ነዋ" አልኋት።

አንዲት ሴትዮ ግን አልቻለችም፤ ማሩን ተቀብላ ጎረቤቴን ጉንጯን ሳመችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። "ጥርሷን አሟት ነው" አልሁ። ጎረቤቴ ቀና ብላ አየችኝ። የማታምን ሰው አስተያየት ነበር።

ከቀትር በኋላ ስልኩ ጭኔ ላይ ጮኸ። ተነስቼ ወደ ሱቄ ጓዳ ሮጥሁ። "እማዬ የለችም እንዴ?" አለ ድምፁ። ልጅቱ ናት! "አንቺ ነሽ? በአላህ ይሁንብሽ፣ አንቺ ነሽ?" እያልሁ ጨርቁ ላይ ተንበረከክሁ። ወረቀቷ ስላላለቀ ቀርታለች። ደስታዬ ግን ላፍታ አልቆየም። "እሷ ግን ሄደች፣ እትዬ" አለችኝ እያለቀሰች። "እስከ በሩ የሸኘኋት እኔ ነኝ።"

እሷ ያለቻት አብራት ልትበር የሄደችውን የአበርገሌዋን ልጅ ነው። ሁለቱ ሰቆጣ ላይ ጉዳያቸውን ሲጨርሱ የተዋወቁ ናቸው፤ ልጅቱ ጎረቤቴ ቤት ነው የሰነበተችው። የሄዱ ቀን እናትዋ ከአበርገሌ መጥታ ነበር፤ ሁለቱ እናቶች መናኸሪያው ላይ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ ሹፌሩ ነው ያላቀቃቸው። አዲስ አበባ ያለው አጎቷ መሞቷን አረጋግጧል፤ እናትዬዋ ያለችበት ቀበሌ ግን ስልክ የለም፣ አልሰማችም።

ለጎረቤቴ ሁሉንም ነገርኋት። መሬት ሳመች። አምላኳን አመሰገነች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"ሞታ ቢሆን ኖሮ ማር ስታስሸጪኝ ልትውዪ ነበር?"

"አዎ" አልሁ። "አንቺስ ለእኔ ምን ታደርጊ ነበር?"

እስከ ማታ አኮረፈችኝ፤ እኔም ተናድጄ ሱቄን ቀድሜ ዘጋሁ።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ከሰፈሩ ጫፍ የዋይታ ድምፅ ተሰማ። ከፃግብጂ ዘመዶቿ ደረሱ፤ መንገድ ላይ ሆነው ወሬውን ማንም ሊያሰማቸው አልቻለም ነበር። ጎረቤቴ በሩን ከፍታ ወጣች። ወንድሟ ልጅቱ ደኅና መሆኗን ሲሰማ አፈሩ ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ እንባውን ሲጨርስም ሁላችንንም አንድ ባንድ ሰደበን። እውነቱን ነው። ቁርስ ቀርቦላቸው በሉ፣ ሳቁ፣ ሊመለሱ ተነሱ።

"ወዴት ልትሄዱ ነው?" አለች ጎረቤቴ። ነጠላዋን አውልቃ ጥለቱን ወደ ላይ ገልብጣ ለሐዘን ለበሰችው። "ለቅሶ ብላችሁ መጥታችሁ የለም እንዴ? የአበርገሌዋ እናት ብቻዋን ናት።"

ትልቁ ሽማግሌ ቀስ ብለው "ልጄ፣ ያንቺ ልጅ ተርፋ አንቺ ፊቷ ብትቆሚ አይብስባትም?" አሏት።

"ይብስባታል፣ አባቴ። እርስዎ ያሉት ልክ ነው። ግን ይኼ ሁሉ ሰው ለእኔ ነበር የመጣው። ለእሷስ ማን ይሂድላት?"

መኪና ተፈለገ። እኔም ሱቄን ሳልከፍት ተከተልሁ፤ ኩርፊያችን የት እንደገባ አላውቅም።

መንገዱ መንገድ አይባልም። ቁልቁል በወረድን ቁጥር ሙቀቱ እየባሰ፣ አቧራው እየበረታ ሄደ። ሲመሽ ደርሰን የእናትዬዋ ንስሐ አባት ቤት አደርን፤ መርዶውን የሚናገሩት እሳቸው እንዲሆኑ ተስማማን። ጠዋት ልንነሳ ስንል ሽማግሌው ልብስ ቀድሞ እንዳይናገር ብለው ሁሉም ነጠላውን እንደ ደህና ቀን እንዲለብስ አዘዙ። ሁሉም አስተካከለ። ጎረቤቴ ግን ቀድማ ወጥታ ከፊት ከፊት እየሄደች ስለነበር አልሰማችም፤ እኛም ልብ አላልናትም።

ሴትዮዋ ፍየል ታልብ ነበር። ቀና አለች፤ የማታውቃቸውን ሰዎች አለፈችና የጎረቤቴን ፊት አገኘች። ልትስቅ ጀምራ ነበር። ከዚያ ነጠላዋን አየች። የያዘችውን ዕቃ ጥላ ወተቱ እየፈሰሰ ሮጠች፤ ጎረቤቴን አንገቷን አቅፋ በአገሩ ቋንቋ በኽምጣና ስትጮህ፣ ሱቅ ለሱቅ አድጌ ቋንቋውን ከጥቂት ቃል በቀር የማላውቀው እኔ እንኳ ቃል በቃል ሰማሁ።

"እኔን! እህቴን! ማን ሞቶብሽ ነው? ልጅሽ እንዳትሆን ብቻ!"

ጎረቤቴ ጥብቅ አድርጋ አቀፈቻት።

"የእኔ ደኅና ናት" አለቻት በመጨረሻ።

"ተመስገን!" አለች ሴትዮዋ። ይህን ብላ በጎረቤቴ ትከሻ ላይ አሻግራ ተመለከተች። እኛን አየች። ከእኛ መሀል ንስሐ አባቷን አየች።

ከእቅፏ ለመውጣት ታገለች፤ ጎረቤቴ ግን አልለቀቀቻትም።