ኤልሳቤት ያስቀረጸችኝ እርማት

ኤልሳቤት ማስ ኮሙኒኬሽን ልትማር ስትመዘገብ ከሁሉ ቀድሜ የሳቅሁባት እኔ አቢሶ ነኝ። «ወሬ ለማውራት አራት ዓመት?» አልኳት። አባቷ ይገረም፣ የአገሬ ልጅና ጓደኛዬ፣ ጻካኔ በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ባለችው ሱቁ ዳቦና ሳሙና እየሸጠ ከፈለላት። እናቷ ከሞተች ወዲህ ሁለቱ ብቻ ናቸው። እዚሁ ጆሃንስበርግ የተወለደች፣ ሰው የማትፈራ ልጅ ናት።

በኮሮናው ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ ትሮይቪል ሰፈር ያለው ቤታቸው ውስጥ ስልኳን ጣሳ ላይ አስደግፋ ትማር ነበር። ግድግዳው ላይ በአፓርታይድ ዘመን የነበሩትን የመጀመሪያዎቹን ጥቁር የሬዲዮ ዜና አንባቢዎች ፎቶ ለጥፋለች። «ጋሼ፣ ነጩ አለቃ አጠገባቸው ተቀምጦ፣ ያልወደደውን ካሉ መስመሩን ሊቆርጥ እየጠበቀ ነው ያነበቡት» ትለኛለች። «ሰው በገዛ ቋንቋው የሰማውን እንደ ዘመድ ቃል ያምነዋል። ሲሪየስ ነገር ነው።» እኔ በአንዱ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው አፈሰስኩት።

በጁላይ 2021 በከተማው ረብሻና የሱቅ ዘረፋ ሲነሳ ይገረም ሱቁን ቆልፎ ወደ ቤቱ ሸሸ። በማግስቱ ጠዋት እዚያው አብረን ሻይ ስንጠጣ አንድ የማውቀው ነጋዴ «ወታደር ገብቷል አሉ» ብሎ ጻፈልኝ። የት እንደሆነ እንኳ አልጠየቅሁትም፤ የሱም ሱቅ ጻካኔ ስለሆነ ጻካኔ መሰለኝ። በነጋዴዎቻችን የዋትሳፕ ግሩፕ ላይ በራሴ ድምፅ «ጻካኔ ወታደር ገብቷል፣ አረጋግጫለሁ፣ ሱቃችሁን ክፈቱ» ብዬ ለቀቅሁት። አዋቂ መባል እወዳለሁ፤ ምን ልደብቅ።

«በዓይኑ ያየ ማነው ጋሼ? ፕሊስ፣ መጀመሪያ ቼክ እናድርግ» አለች ኤልሳቤት።

«ዲግሪሽን ይዘሽ ዝም በይ!» ብዬ ጮህኩባት። ይገረም እኔን አመነ። የመኪናውን ቁልፍ አንስቶ ወጣ።

ወታደር አልነበረም። በሩን እንደከፈተ ከበቡት። በድንጋይ ግንባሩን ፈነከቱት፤ ሲወድቅ በገጀራ ክንዱንና አንገቱን ቆራረጡት፤ ሱቁንም ለኮሱበት። ደንበኛው የነበሩ አንዲት የዙሉ እናት ከእሳቱ ጎትተው አውጥተው ቤቱን በሚያውቅ ጎረቤት ፒክአፕ እኛው ዘንድ አመጡት። «ኡሾኒሌ» አሉ፤ ሞቷል ማለታቸው ነው።

ኤልሳቤት አባቷ ላይ ወድቃ ጮኸች። እኔ ደረቴን ስደቃ ስልኬ ጮኸ። ሸፊቃ የምትባል ነጋዴ ነበረች፣ የላከችውም ድምፅ ነው፦ «አቢሶ፣ ተባረክ፣ እኔና ባሌ ወደ ጻካኔ እየነዳን ነው።» ደጋግሜ ብደውልም አታነሳም። ሌሎችም «እኛም መንገድ ላይ ነን» እያሉ ይልካሉ።

ኤልሳቤት ተነሳች። እስከ ክርኗ ደም ነው። «አሁኑኑ አርመው» አለችኝ።

«አንቺ ተናገሪ። እኔ ምን አፍ አለኝ?»

«ያመኑት አንተን ነው። ስምህን ጥራ። የዋሸሁት እኔ ነኝ በል።»

ፈራሁ። የይገረም ወንድሞችም እዚያው ግሩፑ ውስጥ ናቸው፤ ከሰሙ አይምሩኝም። አንገትጌዬን ጨምድዳ ከግድግዳው ጋር አላተመችኝ። «ካልተናገርክ እኔው እገድልሃለሁ» አለች፤ እውነቷን ነበር።

ቀረጽኩ። «አቢሶ ነኝ። ጻካኔ ወታደር የለም። ሳላጣራ ነው ያወራሁት። ይገረም በእኔ ምክንያት ተገደለ። ተመለሱ።» ለቅሶ እያነቀኝ ነበር የተናገርኩት።

ስልኩን ነጥቃኝ ከመላኩ በፊት አዳመጠችው። አባቷ እግሯ ሥር ተዘርግቷል። ፊቷን በክንዷ ጠርጋ ስልኩን መለሰችልኝ።

«ድገመው» አለች። «ጻካኔ ያልከው አይሰማም።»