ከድመቷ ፊት ያነሳሁት ሳህን

በቆሎ ነጋዴ ነኝ። ከሁምቦ የማመጣውን እህል ሶዶ ቤቴ ጓሮ ባለው መጋዘን ነው የማከማቸው። መጋዘኑን ከአይጥ የምትጠብቅልኝ አንዲት ግራጫ ድመት ነበረችኝ። ልጄ አንደኛ ክፍል ስትገባ የመጣች ናት፤ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ስትጨርስም እኛው ጋ ነበረች።

ባለፈው ክረምት አይጦች ጆንያ በጆንያ ይበሱ ጀመር። ድመቷ ደግሞ በር ላይ ተጋድማ ትውላለች። ምላሴን ይቁረጠውና ጥጋብ ነው አልኩ። የጠገበች ድመት አታድንም ሲባል ስለሰማሁ፣ ማንም ምንም እንዳይሰጣት ቤቱን ሁሉ አስጠነቀቅኩ።

አብራን የምትኖረው እናቴ ግን አልሰማችኝም። ጥርሷ ስላለቀ ዳቦ የምትበላው በወተት አርሳ ነው፤ ከዚያው ለድመቷም በትንሽ ሳህን ታደርግላታለች። አንድ ቀን ደረስኩባቸው።

«እማዬ፣ አንቺ ነሽ ያሰነፍሻት!» ብዬ ጮህኩና ሳህኑን ከድመቷ ፊት አነሳሁት። እናቴ አንዲት ቃል አልተናገረችም።

ድመቷ አጥንቷ ሲቆጠር ጊዜ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። አፏን ከፍቶ አሳየኝ። ከጥርሶቿ የቀረው አንድ ብቻ ነበር።

«ሰው ብትሆን እኮ ሰማንያን ትጠጋለች» አለኝ። «በምኗ ታድንልህ?»

በሳምንቱ ሞተች።

ሐኪሙ ያለኝን ለእናቴ ስነግራት ቀና ብላም አላየችኝ።

«ማርጀቷን አውቄ ነበር» አለችኝ በወላይትኛ።

«ታዲያ ያን ቀን ለምን ዝም አልሽኝ?»

ዳቦዋን የምታርስበትን የወተት ሳህን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች።

«ቀጥሎ የእኔን እንዳታነሳው ፈርቼ።»