ለባሌ የያዝኩት ወረፋ

ከባሌ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻ ተራ ነገር ምስር መልቀም ነበር። ሰፌዱን ጉልበታችን ላይ አሳርፈን፣ እሱ ጠጠሩን በጥፍሩ እየገፋ ሶፋው ክንድ ላይ ሲደረድር፣ ቴሌቪዥኑ ያንን የድሮ የካውቦይ ፊልም ያሳይ ነበር። ታሪኩን በቃላችን እናውቀዋለን። በረሃ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ ሹሙና ነጋዴው ተመሳጥረው ይበሏታል፤ አንድ ሰው አልቀበልም ብሎ መንገዱ መሐል ብቻውን ይቆማል። ያን ጊዜ የከተማው ሰው መስኮቱን ይዘጋል።

መስኮቶቹ መዘጋት ሲጀምሩ ባሌ ሁልጊዜ የሚለውን አለ፦ «የኛ ሰፈር ሰው ቢሆን ኖሮ ይሰለፍ ነበር።»

ሳቅኩ። ምስሩን አጥቤ ጣድኩት። በዚያው ሳምንት ታመመ፤ ከሆስፒታልም አልተመለሰም። እጄ ብዕር ላይ ቀርፋፋ ነው። ግን የዚህን አባባል ምንጭ የሚያውቁት ሰዎች እያለቁ ስለሆነ፣ እንደምንም ልጻፈው።

ፊልሙን መጀመሪያ ያየነው ሳንጋባ፣ ከተማ ሲኒማ ቤት ገብተን ነው። ያኔ ዋናውን ሰው «አክተር» ነበር የምንለው፤ አክተር አይሞትም ይባል ነበር። ታክሲ አጥተን በኦሎምፒያ በኩል ወደ ቦሌ በእግራችን ስንሄድ፣ «እኔን የገረመኝ አክተሩ አይደለም፤ መስኮት የሚዘጉት ናቸው» አለኝ። እሱን ለማግባት የወሰንኩት እዚያ መንገድ ላይ ይመስለኛል።

ተጋብተን የገባንበት ሰፈርም የከተማ ዳር ነበር። ከኛ ግቢ ወዲያ የጤፍ ማሳ ነው፤ ጋሪ ሲያልፍ አቧራው ቤታችን ይገባል። ደርግ ከመጣ በኋላ ስኳር፣ ሳሙናና ዘይት የሚገኘው ከቀበሌው ሱቅ ሆነ። ስኳር የሚታደልበት ቀን ሲቃረብ ሴቶቹ ሱቁ ደጃፍ ላይ ድንጋይ አስቀምጠን ወደ ሥራችን እንሄዳለን። ድንጋዩ እንደ ሰው ይቆጠራል፤ ማንም አያነሳውም። የኔ ጎኑ የተሸረፈ ቀይ ድንጋይ ነበር።

ችግሩ ሰልፉ ገና ሳይጋመስ ስኳሩ «አለቀ» መባሉ ነው። በኋላ በር እየወጣ ሾላ ገበያ በጓሮ እንደሚሸጥ ሁሉም ያውቃል፤ የሚናገር ግን የለም። በዚያ ዘመን «አሻጥረኛ» የተባለ ሰው መመለሻው አይታወቅም።

ባሌ መምህር ነበር። አንድ እሑድ በቀበሌው ስብሰባ ላይ እጁን አወጣ።

«ስኳሩ ሲመጣ በፊት በር ይግባ፤ እያየነው ይመዘን» አለ።

ሊቀመንበሩ ፊቱን አጠቆረ። «ጓድ መምህር፣ የሰፊውን ሕዝብ አመራር ነው የምትጠረጥረው?»

«አመራሩን አይደለም ጓድ፤ የኋላ በሩን ነው።»

አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው። ሌላው ሁሉ አንገቱን ደፋ።

በማግስቱ የአብዮት ጥበቃ መጥቶ ወሰደው። ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጓሮ ካለችው ክፍል እንዳስገቡት ሰማሁ። ምሳውን ይዤ ብሄድ ጠባቂው አላስገባም አለኝ። ስመለስ በሱቁ ደጃፍ አለፍኩ። ስኳር የሚታደለው በነጋታው ስለነበር ድንጋዮቹ ተደርድረዋል። ቆሜ አየኋቸው። ከዚያ ቀዩን ድንጋዬን አንስቼ ተመለስኩና ቀበሌው በር ላይ አስቀምጬው አጠገቡ ቁጭ አልኩ።

«እህቴ፣ እዚህ ስኳር የለም» አለ ጠባቂው።

«አውቃለሁ። ወረፋ የያዝኩት ለባሌ ነው።»

ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻው ወደ ሌላው አዛወረ።

ድንጋዬን ሳነሳ ያዩኝ አሮጊት ጎረቤቴ ብዙም ሳይቆዩ የራሳቸውን ይዘው መጡ። «ካንቺ ቀጥሎ እኔ ነኝ» ብለው ተቀመጡ።

«እትዬ፣ ይቅርብዎ፤ ያስሩዎታል።»

«ይሰሩኛ! ስኳሩስ ያለው እነሱ ዘንድ አይደል?»

ከዚያ ሌላዋ መጣች፣ ከዚያም ሌላዋ። የሱቁ ደጃፍ ባዶ ቀረ። በዚያ ዘመን ሰው መጀመሪያ ይሰለፋል፤ ምን እንደመጣ የሚጠይቀው ከተሰለፈ በኋላ ነው። ከላምበረት በኩል ዘንቢል አንጠልጥሎ የመጣ የማናውቀው ሰውዬ መጨረሻ ላይ ገባና «ዛሬ ምን መጣ?» አለ።

«መምህሩ ታስረው ነው» አሉት።

«እኔ ደግሞ ዘይት መስሎኝ!» ዘንቢሉን አየ፤ ሰልፉን አየ። «እንግዲህ አንዴ ተሰልፌያለሁ» ብሎ እዚያው ቆመ። ያንን ሰው እስከ ዛሬ እመርቀዋለሁ።

ሰልፉ ጥጉን ዞሮ አስፋልት ነካ። ከአውሮፕላን ማረፊያ የሚመጡ ባለሥልጣኖች የሚያልፉት በዚያ አስፋልት ነው። ሊቀመንበሩ ወጥቶ ተቆጣ። ማንም አልጮኸም፣ ማንም አልመለሰለትም። ወረፋ መያዝ አመፅ አይደለም፤ ያስተማሩንም እነሱው ናቸው። አንድ የመንግሥት መኪና ፍጥነቱን ቀንሶ፣ አየት አድርጎን አለፈ። ሊቀመንበሩ መኪናውን በዓይኑ ሸኝቶ ወደ ውስጥ ገባ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ባሌ ወጣ። ሸሚዙ ተጨማዷል፤ መነጽሩ እጁ ላይ ነው። መነጽሩን አጥልቆ ሰልፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመለከተ።

«ዛሬ ምን መጣ?» አለኝ።

«አንተ» አልኩት።

«ታዲያ በነፍስ ወከፍ ስንት ኪሎ ይደርሰናል?» ሲሉ እትዬ ሰልፉን በሳቅ ገደሉት።

እንደ ፊልሙ የተኮሰም፣ ከተማውን ጥሎ የሸሸም የለም። ሊቀመንበሩ ወንበሩን አልለቀቀም፤ ስኳሩም አልተትረፈረፈም። ግን በሚቀጥለው ጊዜ ጆንያው በፊት በር ገባ። ሚዛኑ ደጃፍ ወጣ፤ ባሌም ቆሞ እንዲያይ ሰፈሩ መረጠው። መንግሥት ተለውጦ ሱቁ የሸማቾች ማኅበር ከሆነ በኋላም እስኪታመም ድረስ ከዚያ ሚዛን አልራቀም። ለቅሶው ላይ ድንኳኑ አልበቃ ብሎ ሰው እስከ አስፋልቱ ቆሞ ነበር። እያለቀስኩም ኮራሁ።

አሁን በሱ ቦታ እኔን መርጠውኛል። ጭነት ሲመጣ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ሚዛኑን አያለሁ።