ከፀሐይ የደበቅሁት ገመድ

መቼ እንደነበረ ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። ከኮኪት ወደ ሸሕዲ የሚወስደው መንገድ ገና ጠጠር በነበረበት፣ የእኔም ጢም ማቆጥቆጥ በጀመረበት ዘመን ነው እንጂ፣ በዚህ ዓመት ነው ብዬ ብምል ውሸት ይሆንብኛል። ባለፈው ሰሞን ግን የመጀመሪያው ዝናብ ድንገት ወርዶ አጥር ላይ የተረሳ አሮጌ የዘንባባ ገመድ ሲያረጥብ ጊዜ፣ ግማሹ የጭቃ ግማሹ የደረቀ ሣር የሚመስለው ሽታው በበሩ ገብቶ ከተቀመጥሁበት አገኘኝ። የልጅ ልጆቼ "አባባ ምን ሆኑ፣ ፊትዎ ቀላ" አሉኝ። ሙቀቱ ነው አልኋቸው። ሙቀት አልነበረም፤ እፍረት ነው። በዚህ ዕድሜ ሰው በገመድ ሽታ ያፍራል ቢባል ማን ያምናል።

አባቴ ከጭልጋ ደጋ ወርዶ ከኮኪት ገባ ብሎ መሬት ያቀና፣ ሰሊጥና ማሽላ የሚዘራ ገበሬ ነበር። መተማ ገበያ ይዞኝ ሲሄድ፣ እሱ ሰሊጡን እስኪሸጥ ድረስ እኔ አንድ ጥላ ሥር ከሚቀመጡ ሱዳናዊ ሽማግሌ ዘንድ እቆም ነበር። ሽማግሌው የገመድ አልጋ፣ እነሱ ዐንገሬብ የሚሉትን፣ ይሠራሉ። እግሮቹና አግዳሚዎቹ ከተጋጠሙ በኋላ እርጥቡ ገመድ ወዲህና ወዲያ እየተላለፈ፣ እርስ በርሱ እየተጠላለፈ፣ ሳላየው የዳማ ገበታ የመሰለ መልክ ይወጣዋል። ቋንቋ አልነበረንም፤ እኔ እጃቸውን አያለሁ፣ እሳቸው የእኔን አፍ መክፈት አይተው ይስቃሉ፣ አንዳንዴም የገመዱን ጫፍ ያስይዙኛል። አንድ ቀን አባቴ ድንገት መጥቶ ገመዱን እጄ ላይ ሲያየው በጠራራ ገበያ፣ ሰው እያየ፣ እጄን በውኃ አስታጠበኝ። የዚያን ለታ የገባኝ ገመድ የሚያቆሽሽ ነገር መሆኑ ነው። በእኛ ዘንድ ሰው ማለት የሚያርስ ነው፤ በእጁ ዕቃ የሚሠራውን ሰው ዕቃውን ይገዙታል እንጂ ልጃቸውን አይሰጡትም።

አባቴ ሲሞት በሬዎቹም በበሽታ ተከታትለው አለቁ። መሬቱን ለሌላ አራሽ በእኩል ሰጥተን ከእናቴ ጋር ብንቀመጥ፣ የሚደርሰን እስከ ክረምት አላደርስ አለን። ያን ጊዜ ነው እጄ የልጅነቱን ያስታወሰው። የጎጆዬን በር ዘግቼ አንድ አልጋ ሠራሁና ሸሕዲ ወስጄ ለእትዬ ብርቄ ሸጥሁላቸው፤ እትዬ ብርቄ ለሹፌርና ለሰሊጥ ነጋዴ ማደሪያ የሚያከራዩ፣ አፋቸው የማያርፍ፣ ልባቸው ግን ቀና የሆነ ሴት ነበሩ። "ከየት አመጣኸው?" ሲሉኝ "ከሱዳን" አልሁ። ሳላስበው ነው ያመለጠኝ፤ ካመለጠኝ በኋላ ግን ተመቸኝ። እኔ ከዚያ ወዲያ አልጋ ሠሪ መሆኔ ቀርቶ አልጋ ነጋዴ ሆንሁ፤ ነጋዴነት ደግሞ አያሳፍርም።

ጎጆዬ ጠባብ ነበረች። አልጋው ከገባ ሰው የሚቆምበት አይተርፍም፤ ወዲህ ስቤ ወዲያ ለመያዝ አልጋውን ተሻግሬ እስክደርስ ገመዱ ይላላል፣ ስለዚህ በእግር ጣቴ ጨብጬ እታገላለሁ፤ እናቴም ከደጅ ሆና ስትሰማኝ ከሰው ጋር የተያያዝሁ ይመስላት ነበር። ከሁሉ የባሰው መድረቁ ነው። ገመዱ እርጥብ ሆኖ ይጎነጎንና ሲደርቅ ይከርራል፤ ካልከረረ የተኛበት ሰው ወገቡ መሬት ይነካል። በጨለማ ጎጆ ውስጥ ግን ሳምንት ይፈጃል፣ አንዳንዴም ይሻግታል፤ እሱ ሳይደርቅ ሌላውን አልጀምር ነገር ቦታ የለም። ገዢ እየመጣ "መቼ ይደርሳል?" ሲለኝ "ከሱዳን እስኪመጣ ነው" እላለሁ፤ ሰውየውም ትቶኝ ወደ ሌላ ይሄዳል።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ እትዬ ብርቄ አስጠሩኝ። አዲስ ክፍሎች ሠርተው ነበር። "በአልጋ አንተ ትሞላልኛለህ፤ ዝናብ ሳይጥል። ካልሆነልህ ሰው ልኬ ከሱዳን አስመጣለሁ" አሉኝ። ከሱዳን አመጣለሁ የሚለውን ሰው በሱዳን ሲያስፈራሩት ከንፈራቸው ጫፍ ላይ ፈገግታ ነበረች፤ ዛሬ ሳስበው ያን ጊዜም ሳያውቁ አይቀሩም። ዝናብ ሳይጥል ያሉት እውነት ነው፤ ከእኛ ቀዬ እስከ መንገዱ ያለው ዋልካ መሬት አንዴ ከራሰ ሰውም አህያም እግሩን አይነቅልም። በዚያው ሰሞን ደግሞ የአያ ደሴ ልጅ ታጭታልኝ ነበር። አያ ደሴ ብዙ ጥማድ ያላቸው፣ ሰው የሚያከብራቸው ገበሬ ናቸው። አልጋውን ካደረስሁ በሬ ገዝቼ፣ ሠርግ ደግሼ፣ እንደገና ገበሬ እሆናለሁ። ካላደረስሁ ሠርጉ ይቀራል። ስሠራ ከታየሁም ሠርጉ ይቀራል።

ብዙ አስቤ ያገኘሁት መፍትሔ ሁለተኛ ጎጆ መሥራት ነበር። መደበቂያ ቢጠበኝ ሌላ መደበቂያ ልጨምር ማለቴ ነው። ቋሚውን ተክዬ ማገር እያሰርሁ ሳለሁ፣ ለእርሻ ምንጣሮ ሥራ ከሌሎቹ ወዛደሮች ቀድሞ የወረደ አንድ ጎጃሜ ውኃ ሊለምን ገባ። ውኃውን ጠጥቶ ጎጆው ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ለዕቃ አልሁት። አንገቱን በአሮጌው ጎጆ በር አስግጎ አልጋውን አየ፣ ዞሮ እጄን አየ።

"አንተዬ፣ ለገመድ ቤት ትሠራለህ? ፀሐዩ በነጻ እየነደደ?"

እሱ ፈቃዴን ሳይጠይቅ አልጋውን በጎኑ አጋድሞ በበሩ አወጣውና ግራሩ አጠገብ፣ ጠራራው ላይ አቆመው። ቀትር ላይ ገመዱን በመዳፉ ሲመታው እንደ ከበሮ ጮኸ። ሳምንት ሙሉ የምጠብቀውን ነገር ያች ፀሐይ በግማሽ ቀን ጨረሰችው። እኔ ግን ደስ እንዳይለኝ መንገዱን መንገዱን አይ ነበር።

ጎጃሜው ምግብና ማደሪያ ከሰጠኸኝ የሥራው ወቅት እስኪደርስ እረዳሃለሁ አለኝ። እኔ ውስጥ እጎነጉናለሁ፣ እሱ እያወጣ ያደርቃል። ውኃ ቀጂዎች ሲያልፉ "ገመድ ጎንጓኙ፣ ደግሞ ከየት መጣህብን?" እያሉ ሲያላግጡበት "ከፀሐይ አገር፤ ጌታዬ ውስጥ ጥላ ላይ ናቸው" እያለ ያስቃቸዋል። ሳቃቸው በግድግዳው ስንጥቅ ይገባብኛል። ይህም ሆኖ አልገፋ አለን። ሥራው በሁለት በኩል የሚቀመጥ ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ ጎጆው ደግሞ ሁለታችንን አይችልም። ከሱዳን በኩል ደመናው መከመር ሲጀምር፣ አንድ ጧት አልጋውን ደጅ አውጥቼ ከግራሩ ሥር ከፊት ለፊቱ ተቀመጥሁ። እሱም ገመዱን ወረወረልኝ።

በዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ አያ ደሴ አህያቸውን እየነዱ መጡ። ሁለት እግሬን አግዳሚው ላይ ተክዬ፣ ገመዱን መዳፌ ላይ ጠምጥሜ፣ የመጨረሻውን ረድፍ እየሳብሁ ነበር። ብነሳ ረድፉ በሙሉ ይፈታል፣ የቀኑ ድካማችን ይፈርሳል። ባልነሳ ደግሞ ለሽማግሌ፣ ያውም ለአማቴ፣ ሳልነሳ መቅረቴ ነው። ጎጃሜው ዓይኑን ከገመዱ ሳያነሳ በቀስታ "እንዳትለቅ" አለኝ።

"የማን ነው ይሄ?" አሉ አያ ደሴ።

"የኔ ነው አያ ደሴ። የእጄ ሥራ ነው።"

"ተቀምጠህ?" አሉኝ። አህያቸውን ነድተው ሄዱ። መሬት አልተከፈተችልኝም፤ ረድፉን ጨረስሁ።

ሳምንት ሳይሞላ ሽማግሎች መጥተው እጮኝነቱ መቅረቱን ነገሩን። ስለ ገመዱ አንዲት ቃል አላነሱም፤ "ተነስቶ እንኳ ሰላም አላለም" ነበር ያሉት። እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ አለቀሰች። አልጋዎቹ ግን ዝናቡ ሳይቀድማቸው ደረሱ። እትዬ ብርቄ አንዱ ላይ ቁጭ ብለው ነጠር ነጠር አሉና "ዘንድሮ ሱዳን እንዴት ቀረበችልህ" አሉኝ። ከዚያ በኋላ ከግራሩ ሥር ተነሥቼ ጎጆ ውስጥ ልሠራ አልገባሁም፤ ጎረቤት ሊያግዘኝ ሲጨመር፣ ሥራ ያጡ ወዛደሮችም አብረውኝ ሲቀመጡ፣ አልጋዬ አብደራፊ ከተማ ድረስ ሄደ። ያ ጀምሬ ሳልከድነው የቀረ ሁለተኛ ጎጆ ፍየል ማሳደሪያ ሆነ።

ያቺ የአያ ደሴ ልጅ ለሌላ ተዳረች፤ ገበያ ስንገናኝ አንገቷን ሰበር አድርጋ ታልፈኝ ነበር፣ አሁን በሕይወት መኖሯንም አላውቅ። የገመድ አልጋ የሚገዛም ጠፋ። ሸሕዲ ላይ ወጣቶች የብረት አልጋ ከመንገድ ዳር፣ አላፊ አግዳሚው እያያቸው፣ እሳት እያስፈናጠሩ ይበይዳሉ፤ ሬዲዮ ከፍተው ይዘፍናሉም። እያየሁ ደስ ይለኝና ወዲያው ይከፋኛል። በተዘጋ በር የገፋሁት ወጣትነት አይመለስም፤ አባቴም እጄን ያስታጠበኝ ሥራ እናቴን እንደጦረ ሳያይ ሞተ። የዛሬው እፍረቴ የገመዱ አይደለም፤ በገመዱ ማፈሬ ነው።

ሌላም አለ። ሥራው እንዴት ሰፋልህ ሲሉኝ "አንድ ጎጃሜ ረድቶኝ" እያልሁ አልፍ ነበር። አብሮኝ በላ፣ አብሮኝ ሳበ፣ ስድቤን ተቀበለልኝ፣ የሥራው ወቅት ሲደርስ ከጓደኞቹ ጋር ወደ እርሻው ወረደ፣ አልተመለሰም። በሰው ፊት አንድ ቀን እንኳ በስሙ ጠርቼው አላውቅም። አበጀ ይባላል፤ ከቋሪት የመጣው አበጀ።