የሸማኔው እግር

በንጉሡ ጊዜ ነው። ባለቤቴ ሸማኔ ነበር፤ እኔ እፈትላለሁ፣ እሱ ይሸምናል። ሸማኔ በእጁ ብቻ አይሠራም። እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አውርዶ መርገጫውን በተራ ካልረገጠ ድሩ ለማጉ መንገድ አይከፍትም። ስለዚህ ቀኝ ባቱን ሕመም ሲይዘው የተያዘው እንጀራችን ነበር። ከቤታችን ወረታ ገበያ እስኪደርስ አራት ጊዜ ይቆማል። ሲቆም ይተወዋል፣ ሲሄድ ይይዘዋል። ጣቶቹ በጠራራ ፀሐይ እንኳ ይቀዘቅዛሉ።

እኔ ችኩል ነኝ፤ ዛሬም አልተሻለኝም። መጀመሪያ ዋግምተኛ አመጣሁ። ባቱን በምላጭ በጣ በጣ አድርጎ በቀንድ ደም መጠጠለት። «ቀለለኝ» አለ። በማግስቱ ያው አራት ጊዜ ቆመ፤ ብጣቱም እስኪድን ወር ፈጀ። ቀጥሎ ወንዛዬ ወርደን ሰባት ቀን ፍል ውሃ ገባ። ወገቡ ተፍታታ፣ እንቅልፉ አማረ፣ ባቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ተናደድኩና የራሴን ሕክምና ጀመርኩ። ወፈር አድርጌ ፈትዬ ያሸመንኩትን መቀነት ከቁርጭምጭሚቱ እስከ ጉልበቱ ጥብቅ አድርጌ ጠመጠምኩለት። ብርድ ነው ብዬ ነዋ!

ጣቶቹ ሲገረጡ ደንግጬ በጭነት መኪና ጎንደር ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሙ ጥምጥሙን ፈቶ እግሩን ዳበሰ።

«ማን ነው ያሰረው?»

«እኔ ነኝ፤ እንዲሞቀው ብዬ።»

«የደም ሥሩ ጠቧል፤ አንቺ ደግሞ ከላይ አነቅሽው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሐኪሙ ወደ ባለቤቴ ዞረና፣ «ትንባሆ ያጨሳሉ?» አለው። ባለቤቴ ሰረቅ አድርጎ አየኝ። ለካ ከኔም ከንስሐ አባቱም ተደብቆ ጋያውን ሲያንቦለቡል ኖሯል!

«ትንባሆውን ይተዉ» አለው ሐኪሙ። «በየቀኑ ይሂዱ። ሲያምዎት ይቁሙ፣ ሲተውዎት እንደገና ይሂዱ። ሦስት ወር እንየው። እግሩ ከቆሰለና አልድን ካለ ግን መቁረጥ ይመጣል።»

«ከተቆረጠ በምን እረግጣለሁ?» እያለ ነው ባለቤቴ ወረታ የደረሰው።

መሄድ ለሚያመው ሰው መሄድ መድኃኒት ነው ሲሉኝ አላመንኩም። ቢሆንም በየጠዋቱ አብሬው ወጣሁ። በጋ ስለነበር ሜዳው ደርቋል። «በሽተኛ ታንገላታለች» ብለው ጎረቤቶች አሙኝ። በወሩ አራቱ መቆሚያ ሦስት ሆነ። ከዚያ ሁለት ሆነ! እልልታዬ እንዳያመልጠኝ አፌን በነጠላዬ እይዝ ነበር።

ሦስት ወሩ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው በገበያ ቀን ወጣን። እኔ የተሸመነውን ጋቢ ተሸክሜያለሁ። የመጀመሪያው መቆሚያ ላይ አልቆመም። ሁለተኛው ላይም አልቆመም። ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ አለ።

«ኧረ ቁም፣ አንተ ሰው! ልረፍበት!»

«አንቺ ቁሚ፤ ማን ከለከለሽ?» አለና ዞር ብሎ ሳያየኝ የደብረ ታቦርን መገንጠያ አልፎ ገበያው ውስጥ ገባ።

ባሏ መንገድ ላይ ጥሏት ሄዶ እልል ያለች ሴት ያየ ካለ፣ ያያት እኔን ነው።