የማሽኑ ርክክብ

አውሮራ ከተማ ውስጥ ቤታቸው እየሄድን የምንከባከባቸው አሮጊት በወጣትነታቸው፣ በዓለም ጦርነቱ ጊዜ፣ ቁም ሳጥን የሚያክል የጠላት ምስጢር መፍቻ ማሽን ላይ ተረኛ ነበሩ። ለማንም ላይናገሩ ምለዋል። ዕድሜ ሌላውን ሁሉ አስረሳቸውና መሐላው ቀረ፤ እኔንም የዚያ ዘመን ባልደረባቸው አድርገው ነው የሚያዩኝ። ይህን የነገረችኝ ልጃቸው ናት።

የዚያን ቀን ጠዋት ከምኖርበት ሰፈር ከሞንትቤሎ ነድቼ መጥቼ ፓርክ ሳደርግ፣ የሌሊቷ ተረኛ ቁልፏን ይዛ በር ላይ ቆማለች። የኤርፖርት ሥራዋ ረፍዶባታል። «ተኝተዋል፣ ደህና ናቸው፣ በይ ቻው!» ብላኝ በረረች። የእኛ ሰው ርክክብ ይኸው ነው፤ ደህና ናቸው፣ አለቀ።

እንደ ልማዳቸው እንዲነቁበት ሬዲዮ ከፈትኩላቸውና ኪችን ገብቼ አጃ ማማሰል ጀመርኩ። ይዤላቸው ስገባ ነቅተዋል፤ ግን ግራ እጃቸው አልነሳ አለ፣ አፋቸውም ወደ አንድ ጎን ወርዷል። አጃውን አስቀምጬ አምቡላንስ ጠራሁ።

ሁለት የአምቡላንስ ሠራተኞች መጡ፤ አንዱ ጠየቀኝ። «መቼ ጀመራቸው?»

«እንጃ፣ ተኝተው ነበር።»

«ሰዓቱ ካልታወቀ የረጋውን ደም የሚያሟሟውን መድኃኒት መስጠት ያስቸግራል» አለና አሮጊቷን ራሳቸውን ጠየቃቸው። ከንፈራቸውን ገጠሙ። ሲደግምላቸው ጭራሽ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ግራ ተጋብተዋል» አለኝ።

የምን ግራ መጋባት! ዩኒፎርም የለበሰ የማያውቁት ሰው መጥቶ ይመረምራቸዋል፣ እሳቸው ደግሞ ምለዋል።

«እባካችሁ አንዴ ኮሪደር ውጡልኝ።»

«ጊዜ የለንም እኮ!»

«ስለሌለን ነው የምላችሁ!»

በሩን ገርበብ አድርጌ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። «ተራዬ ደርሷል። ማሽኑን ልረከብዎት።»

ዓይናቸው ተከፈተ። «ማንም የለም?»

«ማንም።»

«የግራው ቆመ» አሉ እየተንተባተቡ።

«መቼ?»

«አሁን። ሰውየው ዜና ሲጀምር። እስከዚያ ይሠራ ነበር።»

የሬዲዮው ዜና የጀመረው እኔ አጃ ሳማስል ነው! ሰዓቱን ለሰዎቹ እየጮህኩ ወጣሁ። አልጋው ሲገፋ በቀኝ እጃቸው እጅጌዬን ጨምድደው ያዙ፤ «ተረክቤያለሁ» እስክል አልለቀቁኝም።

ከሰዓት በኋላ ልጃቸው ደወለች። «መድኃኒቱን ሰጥተዋታል፤ ጣቶቿ መንቀሳቀስ ጀምረዋል።» «ተመስገን!» አልኩ። «አንቺን ግን ተቀይማሻለች» አለችኝ እየሳቀች። «ያቺ ልጅ በር ላይ ለነበሩት ሰዎች ሁሉን ዘረገፈች፣ ከእንግዲህ ምንም አልነግራትም ብላለች።»