ጢማሙና ነጠብጣቡ ዓሣ

ነይ ጠጋ በይ ልጄ፤ የኅዳር ውርጭ ነው፣ ጋቢውን ተጋሪኝ። ልጅ ሳለሁ፣ በዚሁ በኅዳር፣ ጎባ ዳገቱ ላይ በነበረችው ቤታችን፣ አያቴ አባባ ተሰማ ራት እስኪቀርብ የጥድ ፍሙን እየቆሰቆሱ ተረት ያወሩልን ነበር። ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፣ ኩራዟ ትርገበገባለች፣ እኔ ግን ዓይኔን ከአፋቸው አልነቅልም።

ያኔ አብልጬ የምወደው የዓሣውን ተረት ነበር። ዓሣ ሁሉ ከቤታችን በላይ ባለው ቀዝቃዛ ጅረት ይወለዳል፤ ሕፃን ሳለ ጎኑ ነጠብጣብ ነው፤ ሲያረጅ ጢም ያወጣና ወደ ሮቤ፣ ወደ ሻያ ወንዝ ወርዶ ይጦራል። ስለዚህ አባባ ሮቤ ሲወርዱ ከሻያ ጢማሙን አጥምደው ያመጡልናል፤ የላይኛውን ነጠብጣብ መንካት ግን ክልክል ነው። «የሕፃን ደም በቤቴ አይፈስም» ይላሉ።

በዚያ ዓመት ላሞቻችን በበሽታ አለቁ፣ አባባም ጉልበታቸውን ታመው መውረድ ተሳናቸው። እናቴ ደግሞ አራስ ነበረች። ጡቷ ደርቆ፣ ሕፃኑ ወንድሜ ድምፁ እስኪሰልል ያለቅሳል። ጎረቤታችን አደ ፋጡማ «መረቅ ካልጠጣች ወተት አይወርዳትም» አሉ። እንግዲህ መረቁ ከበላያችን እየዋኘ እኔ ዝም ልል ነው?

እንቅብና ባልዲ ይዤ ወጣሁ። ውኃው አጥንት ይሰረስራል። ጅረቱን በድንጋይ አጥሬ፣ ክንድ የሚያህል ነጠብጣብ ዓሣ ከነነፍሱ በባልዲ አመጣሁ።

«አባባ፣ ይኼን የሚያህል ሕፃን አለ? ጢሙስ የታል?»

«ገዝፎ ጢም ያላበቀለ አላየሽም? የሰፈራችን ዳኛ አገጭ ዕንቁላል አይመስልም? ጢም እስኪያወጣ ሕፃን ነው!» ብለው ወደ ጅረቱ አስመለሱኝ።

በማግስቱ ሻያ ድረስ በእግሬ ወረድኩ። ትልልቁ ከጥልቁ አልወጣልኝም፤ ያገኘኋት ጣት የማታህል ነበረች፣ ግን ጢም አላት።

«ይቺስ አባባ? መቼ አርጅታ ነው?»

«ያለ ዕድሜዋ የበሰለች ናት፤ እንዳንቺ!» ብለው ሳቁ። እናቴ ከጓዳ አልሳቀችም።

በሦስተኛው ቀን ከጅረቱ ሌላ ነጠብጣብ ይዤ ገባሁ፤ ቢላዋ አንስቼ ፊት ለፊታቸው ሆዱን ቀደድኩት።

«ሕፃን ገደልሽ! አንቺ ጨካኝ!» ከዘራቸውን አነሱ።

ቢላዋውን አልጣልኩም። ከሆዱ እንደ ምስር ክክ ቀይ ቀይ ዕንቁላል ዝርግፍ አለ።

«አባባ፣ ሕፃን ይወልዳል?»

ከዘራው ቀስ ብሎ ወረደ። ኩራዟን አስጠግተው እህል እንደሚያበጥር ሰው ዕንቁላሉን በጣታቸው ገለጥ ገለጥ አደረጉ። «ኢንተላ ኮ» አሉ፣ «ልጄ» ማለታቸው ነው፤ ሲረቱ ኦሮምኛው ነበር የሚቀናቸው። «ነጠብጣቦቹስ ከጢማሞቹ ሌላ ዘር ናቸው።» ከዚያ ቢላዋውን ተቀበሉኝና ዓሣውን ራሳቸው አጸዱት። ያን ምሽት ድስቱ ተጣደ።

ከዚያ ወዲህ ተረቱን «የማይዛመዱ ሁለት ዓሦች ነበሩ፤ እኔ ሽማግሌው ግን አንድ ናቸው እል ነበር» ብለው ይጀምሩት ጀመር። እኔ ፊደል ሳልቆጥር አረጀሁ፤ የቀረልኝ ግን ይኼ ነው፦ ሽማግሌ ይከበራል፣ የዓሣውም ሆድ ይታያል።

አባባ እኔ ሳላገባ ዐረፉ። አደ ፋጡማ ወደ ጎሮ ሄደው እዚያው አረጁ። እናቴ ድና ሠርጌን አየች። ያ የሚያለቅሰው ሕፃን ደግሞ ሲናና ያለው አጎትሽ ነው፤ ስንዴ ያርሳል። ዓሣ ግን በአፉ አይዞርም።